የጥቅምት ፓስታ

ባለፈው ጥቅምት፣ በጽጌ ጾም ውስጥ በዋለ አንድ እሑድ፣ ሰቆጣ በሚገኘው የእናቴ ቤት ማጀት ገብቼ ፓስታ ሠራሁ። ዐረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ በእናቴ ዘንድ ግን ሦስት ነውር ተሸክሟል። ወንድ ልጅ፣ ያውም የባንክ ሠራተኛ የተባለ፣ ማጀት ገባ። በሰንበት፣ ጎረቤት ለቡና በሚሰበሰብበት ቤት፣ እንጀራ እያለ ፓስታ ቀረበ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ በፓስታው ላይ ዱባ ነበረበት።

ስለ መጀመሪያው ነውር ብዙ አልልም። ላጤ ሆኖ አሥር ዓመት ያህል ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘዋወር የኖረ ሰው ማጀት ካልገባ ጦሙን ያድራል፤ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል። ስለ ቀሩት ሁለቱ ግን የምለው አለኝ። አንባቢዬ «ይህ የሥነ ጽሑፍ ገጽ እንጂ የወጥ ቤት ማስታወሻ አይደለም» ሊለኝ ይችላል። እውነቱን ነው። ይሁንና ባለፈው ሰሞን የግጥም ደብተሬን ገልጬ ምን ምን እንደ ዘመርሁ ቆጠርሁ። ተከዜ በአሥራ አንድ ግጥሞች ውስጥ ይፈሳል። ማር በዘጠኙ አለ፤ የዋግ ሰው ነኝና በዚህ አይፈረድብኝም። ጤፍ በስድስቱ አለ። ዱባ በአንዱም የለም። ድንችም የለም፤ ቲማቲምም የለም። በልጅነቴ በየአጥሩ ስትሳብ ያየኋት፣ ከጤፍ ይልቅ በቅርብ የማውቃት ተክል ወደ ደብተሬ አልገባችም። ነገሩ የማጀት ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

በዚህ ጥፋት ብቻዬን አይደለሁም። አማርኛችን ዱባን በይበልጥ የሚያውቃት በአንድ ተረት ነው። «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ይላል፤ እዚያም ላይ ቢሆን የተጠራችው ከቅል ጋር ልትነጻጸር እንጂ ልትበላ አይደለም። ጎመንም «ጎመን በጤና» ተብሎ ተመስግኗል። ምስጋናው ግን ጠማማ ነው። ሥጋው ጣጣ አለበትና ጎመኑን በሰላም ልብላ ማለት ነው፤ ጎመኑ የተመረጠው ጣፍጦ ሳይሆን መዘዝ ስለሌለበት ነው። ሥጋና ጠጅ፣ ቅቤና ማር በዘፈኑም በቀረርቶውም የየራሳቸው ዙፋን አላቸው። አትክልት ግን ከጾም ቀን ጋር ይመጣል፣ ከጾም ቀን ጋር ይሄዳል።

ከዱባው በፊት ፓስታውን ላስታርቅ።

የእናቴ አባት ፓስታ በቤታቸው አያስገቡም ነበር። «የጣልያን ትል» ይሉታል። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ሰቆጣ ሲገባ እሳቸው ፍየል የሚጠብቁ ልጅ ነበሩ። በ1929 ዓ.ም. ክረምት ዋግና ላስታ ዐመፁ፤ ከዐመፁ መሪዎች አንዱ የነበሩት የዋጉ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደም ብዙ ሳይቆዩ በጣልያን እጅ ተገደሉ። አያቴ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር፤ ጠላት ከወጣ ስንት ዘመን አልፎ ሳለ አሁንም የሚሰማቸው ያለ ይመስል። እንዲህ ያለ ትዝታ ያለው ሰው ፓስታ አልበላም ቢል ማን ይፈርድበታል? እኔ አልፈርድም። ግን እኔም የእሳቸው ትዝታ የለኝም፤ እንዳለኝ ሆኜ ብናገር ማስመሰል ይሆንብኛል።

ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ወጣ፤ ፓስታው ቀረ። በአያቴ በር አልገባ ቢልም በሌላው በር ሁሉ ገባ። ቃሉንም ይዞ ገባ፤ ስጎ፣ ፎርኖ፣ መኮሮኒ እያለ። ዛሬ ከሰቆጣ እስከ ሞያሌ በየመንገዱ ዳር ካለ ምግብ ቤት ገብቶ «ፓስታ በስጎ» ብሎ የማያዝ ሾፌር ያለ አይመስለኝም። በጾም ቀን ከበያይነቱ ጎን ይቀመጣል፤ እንጀራ ላይ ተዘርግቶ በእጅ ይጠቀለላል። ከሮም የመጣ ሰው ቢያይ ይደነግጥ ይሆናል። ይደንግጥ። አንድ ምግብ የሰጪውን ፊት እስኪያስደነግጥ ድረስ ከተለወጠ የተቀባዩ ሆኗል ማለት ነው። እኛም «ጠረጴዛ» የግሪክ ቃል መሆኑን ረስተን ጠረጴዛ ላይ ተደግፈን ስለ አገር በቀል ቃላት ግጥም እንጽፋለን።

ደግሞም ለአያቴ ብነግራቸው ደስ የሚያሰኛቸው አንድ ነገር ነበር፤ ያወቅሁት እሳቸው ካረፉ በኋላ ነው። ፓስታ የሚሠራበት ስንዴ ከዳቦ ስንዴ የተለየ ነው። ጠንካራ፣ ሲፈጭ እንደ አሸዋ የሚሻክር ዘር ነው፤ የግብርና ሰዎች ዱረም፣ አንዳንዴም የመኮሮኒ ስንዴ ይሉታል። ይህ ስንዴ ለኢትዮጵያ ደጋ እንግዳ አይደለም። ገበሬዎቻችን ጣልያን የሚባል መንግሥት ሳይታሰብ በፊት ጀምሮ ሲዘሩትና ሲመርጡት ኖረዋል። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. አገራችንን ዞሮ ዘር በሰበሰበ ጊዜ የዚህ ስንዴ ዓይነት ብዛት አስደንቆት ነበር። ከዓመታት በፊት ደግሞ የኢትዮጵያና የጣልያን ተመራማሪዎች አብረው ወደ 400 የሚጠጉ የገበሬ ስንዴዎችን በመቄት ገረገራና በትግራይ ሀገረ ሰላም ዘርተው፣ የትኛው ይሻላል ብለው ወንዱንም ሴቱንም ገበሬ በየማሳው ዳር ጠይቀዋል። ገረገራ ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ ላስታን ተሻግሮ ነው። የዱቄቱ ዘር እዚሁ ከነበረ «የጣልያን ትል» የሚለው ስም ግማሹ ብቻ እውነት ነው ማለት ነው፤ ትሉ የጣልያን፣ ስንዴው የእኛ። አያቴ ይህን ቢሰሙ ይስቁ ነበር። ይበሉ ነበር አልልም።

ፓስታን የምወድበት ሌላ ምክንያት አለኝ፤ ይህ እንኳ ከታሪክ ይልቅ ከሥራዬ ጋር ይያያዛል። እንጀራ ቤት ይፈልጋል። ቡሆ የሚያድርበት ዕቃ፣ ምጣድ፣ የማገዶ ክምር፣ ወፍጮ ደርሶ የሚመለስ ሰው፣ ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን የሚጠብቅ ትዕግሥት ይፈልጋል። ፓስታ አንድ ድስትና አንድ ጣሳ ውኃ ይበቃዋል። ስለዚህ ፓስታ ቤት የሌለው ሰው ምግብ ነው፤ የተማሪ፣ የሾፌር፣ የወታደር፣ የላጤ ጸሐፊ። ከ2013 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ የተፈናቃይ። ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ወገኖች በሰቆጣና በወለህ ተጠልለው በነበሩበት ጊዜ፣ በመስኮቴ ፊት ቆመው ከሩቅ ዘመድ የተላከላቸውን ጥቂት ብር የሚያወጡ እናቶች ነበሩ። ከባንኩ በር ማዶ ካለችው ሱቅ ብዙዎቹ አንድ እሽግ ፓስታና አንዲት ትንሽ ሳልሳ ገዝተው ሲሄዱ በመስታወቱ አያለሁ። ጤፍ ጠልተው አይደለም። ምጣዳቸው አበርገሌ ቀርቶ ነው።

በ2014 ዓ.ም. መፀው ሰቆጣ ራሷ በጦርነቱ ውስጥ ነበረች። እኔ ያን ጊዜ በሌላ ከተማ እሠራ ነበር። ስልክ የለም፣ መብራት የለም፣ ባንክ የለም። ለወራት የእናቴን ድምፅ አልሰማሁም። ኋላ መንገዱ ተከፍቶ ስንገናኝ «ምን ትበሉ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት። የማሽላ ቂጣ፣ ሽሮ እስካለ ሽሮ፣ አንድ ሰሞን ደግሞ ከጎረቤት የተካፈሉት መኮሮኒ በጨው፣ አለችኝ። «ዱባስ? የጓሮው ዱባ አልነበረም?» አልኋት። ዝም አለች። ዝምታዋ ያኔ አልገባኝም።

አሁን ወደዚያ እሑድ ልመለስ።

ጥቅምት የመፀው ወር ነው። ሊቃውንቶቻችን ዓመቱን በአራት ሲከፍሉ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለውን መፀው ብለውታል። (ግጥም የሚጽፉ ወዳጆቼ የአደይ አበባን ወቅት «ፀደይ» ማለታቸውን እስከ ዛሬ አልተዉም። ፀደይ ከመጋቢት 26 በኋላ የሚመጣው ነው። እኔም በሁለት ግጥሞቼ ተሳስቻለሁ፤ አንዱ ታትሟል፤ አላነሣውም።) በፈረንጅ አገር ይህ ወቅት የቅጠል መርገፊያ፣ የሐዘን ወቅት ነው፤ ባለቅኔዎቻቸው ሞትን ያስታውሱበታል። እኛ ዘንድ የአበባና የእሸት ወቅት ነው። ከሰቆጣ ወደ ጋዝጊብላ ደጋ ለወጣ ሰው የባቄላው እሸት ይጠብቀዋል። ወደ ዝቋላ ቆላ ለወረደ ማሽላው ራሱን ደፍቷል። ዱባው በየአጥሩ ሥር ሆዱን ነፍቶ ተቀምጧል። ዋግ ላይ ይህ ጥጋብ አጭር ነው፤ አንዳንድ ዓመትም ጭራሽ አይመጣም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ በሰሃላ፣ በዝቋላና በአበርገሌ በመቅረቱ የ2016ቱ ጥቅምት እሸት ያልታየበት ጥቅምት ሆኖ አልፏል። እንግዲህ በመጣ ጊዜ እንዴት ነው የምንቀበለው? የኔ ጥያቄ ይህ ነው። ያገኘነውን እሸት ሁሉ ውኃ ውስጥ ጨምረን እናፈላዋለን።

ቃሉን እዩት። «ጥብስ» ስንል ሥጋ ነው የምናስበው። ከእህል ወገን ይህ ክብር የተሰጠው ለበቆሎ እሸት ብቻ ነው። ሌላው አትክልት ወይ ይቀቀላል፣ ወይ በወጥ መልክ ይንተከተካል። የምግብ ቤቱ «ፓስታ በአትክልት» ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ካሮትና ድንች በአራት ማዕዘን ተከትፈው፣ ተቀቅለው፣ ቀለማቸውን ጥለው፣ በሳልሳ ቀልተው፣ ገንፎ እስኪመስል በበሰለ ፓስታ ላይ ይፈሳሉ። ይህን በልቶ አትክልት አልወድም ያለ ሰው አትክልት ቀምሶ አያውቅም። ጥፋቱ የካሮቱ አይደለም። ጥፋቱ የውኃው ነው።

እኔ ያደረግሁት ይህ ነው። የሸክላውን ምጣድ ፍም ላይ ጥጄ በደንብ እስኪግል ጠበቅሁ። አንድ ኪሎ ያህል ዱባ ልጬ እንደ አውራ ጣት ቆረጥሁት። አራት ቀይ ሽንኩርት በአራት በአራት ከፈልሁ። ስድስት ቲማቲም ለሁለት ገመስሁ። አንድ ሙሉ ራስ ነጭ ሽንኩርት ከነልብሱ ተውሁት፤ ሦስት ቃሪያም እንዳለ። ሁሉንም በዘይትና በጨው አሸሁና ምጣዱ ላይ አንዱ ባንዱ ላይ ሳይደራረብ ዘረጋሁት፤ መደራረብ የለበትም፤ ከተደራረበ አንዱ የሌላውን እንፋሎት ጠጥቶ ይቀቀላል፤ እኛም የሸሸነው እሱን ነው። ከዚያ አክንባሎውን ደፋሁበት። ፎርኖ የለንም የሚል ሰው ምጣድና አክንባሎ ምን እንደሆኑ አላስተዋለም። ከታች እሳት፣ ከላይ የታፈነ ሙቀት፤ የጣልያን ፎርኖም ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም።

ከሁሉ የሚከብደው አለመነካካት ነው። እናቴ ከበሩ ቆማ «ይቃጠልብሃል፣ አማስለው እንጂ» ትለኛለች። አላማሰልሁም። አትክልት ውኃው ሲወጣለት ነው ስኳሩ የሚቀረውና የሚቀላው፤ ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ለወጥ ሽንኩርት ያለ ዘይት በደረቁ ስታቁላላ የምታደርገው ይህንኑ ነው። ለሽንኩርት የፈቀደችውን ለዱባ አልፈቀደችም እንጂ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቼ አክንባሎውን ሳነሣ ዱባው በአንድ ጎኑ የማር ቀለም ይዟል፤ ቲማቲሙ ተጨማድዶ ጭማቂው ወፍሯል። የነጭ ሽንኩርቱ ፍሬ በሁለት ጣት ሲጨመቅ እንደ ቅቤ ከልብሱ ውስጥ ይወጣል። በጾም ቀን ቅቤን የሚያስረሳ ነገር ካለ ይህ ነው።

ፓስታውን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልናገር። በእሽጉ ላይ የተጻፈው ደቂቃ ለባሕር ዳርቻ ሰዎች የተጻፈ ነው። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ውኃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ ፓስታው ሁለት ሦስት ደቂቃ መጨመር ይፈልጋል። ጥርስ ሥር ትንሽ እየታገለ ማውጣት ነው። ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ከደጋ የመጣ የባቄላ እሸት ፈልፍዬ ጨመርሁበት። ውኃውን ሁሉ አላፈሰስሁም፤ አንድ ስኒ አስቀረሁ። ያ የደፈረሰ ውኃ ከስንዴው የወጣ ስታርች አለበትና ዘይቱንና የቲማቲሙን ጭማቂ አዋዶ ያያይዘዋል። ሳልሳ አልነካሁም።

መጨረሻ ላይ ቅጠሉ መጣ። በሶብላ ከጓሮ፣ ጦስኝ ከገበያ። ጦስኝ በእኛ ቤት ከሻይ ውጭ ሥራ የላትም። ደረቁን በመዳፌ አሽቼ በትኩሱ ላይ ስበትነው ሽታው ቤቱን ሞላው፤ ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤታችን «ምን አጠናችሁ?» ብላ ገባች። ስለ ጦስኝ ይህን ልጨምር፤ ከኢትዮጵያ የጦስኝ ዓይነቶች አንዱ በሳይንሳዊ ስሙ የቪልሄልም ሺምፐርን ስም ይዟል። ይህ ሰው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከተከዜ ማዶ በትግራይ ኖሮ ያለፈ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። ድንችን ወደ አገራችን አስገባ የሚባለውም እሱ ነው። ድንች፣ ቲማቲም፣ በቆሎ፣ በርበሬ፣ ይህች ዛሬ የምናውቃት ትልቋ ዱባም፣ ዘራቸው የመጣው ከአሜሪካ ምድር ነው። ከሁሉም በርበሬን ብቻ መርጠን «የአባቶቻችን» አልን፤ ለበርበሬ የሰጠነውን ዜግነት ለዱባ የከለከልንበት ሕግ የት እንደ ተጻፈ አላውቅም።

ምግቡ ቀረበ። ከዚያ በፊት ግን እናቴ በሩ ጥግ ስባኝ የተናገረችውን መንገር አለብኝ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እሱ ነውና።

«የክፉ ቀን ምግብ ለእንግዳ አይቀርብም» አለችኝ።

እናቴ በ1977 ዓ.ም. የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበረች። በዚያ ክረምት እህሉ ከጠፋ በኋላ የዱባውን ፍሬ በሉ። ፍሬው ሲያልቅ ሐረጉን፣ ቅጠሉን። ከዚያ ሳማ። ከዚያ ወደ ኮረም በእግር ሄዱ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ማይክል በርክና ኬንያዊው የፊልም ሰው ሞሐመድ አሚን የኮረምን ሜዳ ለዓለም ያሳዩበት ፊልም የተሰራጨው በጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። በጥቅምት። ዓለም ያንን ሜዳ አንድ ጊዜ አይቶ ዘፈን ዘፈነለት። እናቴ ሜዳው ላይ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ የነገረችኝ ቢሰበሰብ አንድ ገጽ አይሞላም። ከዚያው አንድ ገጽ ላይ የዱባ ቅጠል አለ። በ2014ቱ መፀውም ጎረቤት የሰጣቸው መኮሮኒ እስኪያልቅ ድረስ የጓሮውን ዱባ ያልነካችው ለዚህ ነበር። ዱባው ከተቆረጠ ያ ቀን መጣ ማለት ነው።

ይህን ሰምቼ ልከራከራት አልቻልሁም። አሁንም አልከራከራትም። የእሷ አለመብላት መታሰቢያ ነው፤ መታሰቢያ ደግሞ በቫይታሚን አይመዘንም። ክርክሬ ከእኔና ከእኔ ቢጤዎች ጋር ነው። እኔ በ1977 አልተወለድሁም። ከእናቴ የወረስሁት ረሃቡን አይደለም፤ እፍረቱን ብቻ ነው። ደመወዝ ስቀበል ጥብስ አዝዤ «አለፈልኝ» እላለሁ፤ እንግዳ ሲመጣብኝ ዱባ ያለበት ማዕድ እደብቃለሁ፤ ብዕር ሳነሣ ማርና ተከዜ እላለሁ። ይህ እፍረት ምንም የሚያስታውሰው ነገር የለውም። ባዶ ዕቃ ነው። ይህንኑ ባዶ ዕቃ ግን ለልጆች እናወርሳለን።

ልጆች ያልሁት ለቃሉ ውበት አይደለም። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስወገድ ቃል ገባ። ቃሉ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተባለ። ከተማዬ በዓለም አደባባይ የተጠራችው በማሯ አይደለም፤ ውቅር በሆነው በመስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም አይደለም። ቁመታቸው ሳይደርስ በቀረ ልጆች ነው የተጠራችው። በዚህ ጉዳይ ላይ በተጠራ አንድ ስብሰባ ላይ የተቀመጥሁበት ጊዜ አለ። ግድግዳው ላይ ዱባና ካሮት የተሣለበት ትልቅ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ምሳ ሲቀርብ ጥብስ ነው፤ ካሮቱ በግድግዳው ላይ ቀረ። ማንም አልሳቀም፤ እኔም አልሳቅሁም፤ ጥብሱን በላሁ።

የወንድሜ ልጅ ሁለት ዓመት ሊሞላት ወር ቀርቷታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መዝናት ክብደቷ እንዳልጨመረ አይታ ዱባ፣ ካሮት፣ ከተገኘም እንቁላል ስጧት ብላ ሄዳለች። ዱባው ሲቆረጥ የሚታየው ቢጫነት ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ነገር ነው፤ ጥቂት ዘይት ካገኘ ደግሞ በተሻለ ይዋሐዳል። ይህን ሁሉ እናቴ ሰምታለች፤ «እሺ» ብላለች። ሠራተኛዋ ከሄደች በኋላ ግን ሕፃኗ ሽሮ ፍትፍት ነው የበላችው። ስድብ እንዳይመስልባት ፈርታ ነው፤ «ቤታቸው ተርቦ ልጅቷን ዱባ አበሏት» እንዳይባል።

እንግዲህ ይህ ነው አቋሜ፤ ዱባን ከክፉ ቀን ማውጣት የሚቻለው በወረቀት ላይ በመሣል አይመስለኝም። በደህና ቀን፣ በእንግዳ ፊት፣ በጥጋብ ወቅት፣ ጠብሶና አጣፍጦ በማቅረብ ነው። ፓስታውን የፈለግሁትም ለዚህ ነው። እንጀራ ላይ በወጥ መልክ ባቀርባት ዱባ ያው የድሮዋ ዱባ ትሆን ነበር። ፓስታ ግን በእናቴ ዓይን የከተማ፣ የሆቴል፣ የደመወዝተኛ ምግብ ነው። አያቴ የናቁት ምግብ እናቴ የናቀችውን ምግብ ይዞ እንዲገባ አሰብሁ። ተንኮል ነው፤ አልክድም።

ስምንት ሰዎች ነበርን። ጎረቤታችን ሁለት ጊዜ ጨመረች፤ ቤቷ ስትሄድ ስለ ጦስኙ እንጂ ስለ ዱባው አልጠየቀችም። ወንድሜ ሚጥሚጣ አስመጥቶ ሁሉን ቀይ አደረገው። እናቴ ከትሪው ጥግ ተቀምጣ ፓስታውን በእንጀራ እየጠቀለለች በላች፤ ዱባዎቹን ግን አንድ በአንድ በጣቷ እየለየች ወደ ዳር ገፋቻቸው። ቂም ይዛ አይደለም፤ ከምስር ውስጥ ጠጠር እንደምትለቅም ነው የለቀመቻቸው። ሕፃኗ እግሯ ሥር ነበረች። እጇን ዘርግታ ከዳር የተከመረውን ማንሣት ጀመረች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እናቴ አየቻት። አልከለከለቻትም። አራተኛውን ልጅቷ ስትጥለው እናቴ አነሣችው፣ አመዱን እፍ አለችለት፣ ጥቂት በእጇ ይዛ ቆየችና አፏ ውስጥ አደረገችው።

ቀስ ብላ አላመጠች። ሁላችንም ሌላ ነገር የምናይ መሰልን።

«ጨው አንሶታል» አለች።